ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለመግዛት ምክር ፈልጌ ነው

አቅሜ ውስን በመሆኑ ለጽሑፍ ሥራዬና ለልጄ ትምህርት የሚሆን ያገለገለ ዴስክቶፕ ልገዛ አስቤ፣ በሁለት አማራጮች መካከል መወሰን ተስኖኛል። አንደኛው ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 7 የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሲኖረው፣ ሁለተኛው ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ 3፣ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማከማቻ) አለው። የመጀመሪያውን አብርቼ ስሞክረው እስኪነሣ ብዙ አስጠበቀኝ፤ ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግም ሃርድ ዲስኩ የመፋጨት ድምፅ ያሰማ ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ስላበቃና ዊንዶውስ 11 ስድስተኛውን ትውልድ ፕሮሰሰር በይፋ ስለማይደግፍ፣ ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ሆኖም 8 ጊጋባይት ራም ለጥቂት ዓመታት ይበቃኝ ይሆን? ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊትስ፣ ከራም መጨመሪያው ቦታና ከፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ ከሚያቀርበው ክፍል) ሌላ ምን ልፈትሽ? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።