ፌደራል መንግሥት ገንዘብ እቆርጣለሁ ብሎ የካውንቲያችንን ፖሊስ ማዘዝ ይችላል?

የማታ ሺፍት፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን መኪና መስታወት ሰብረው ላፕቶፕ ወሰዱባት። ፖሊስ እንጥራ ስላት እጄን ያዘችና «ተዪ በእናትሽ፣ ወረቀቴ ገና አላለቀም» አለችኝ። በኋላ እኔው ደወልኩ። እሷ ግን ፖሊሱ እስኪሄድ ድረስ ከቤቷ አልወጣችም። እዚህ ሰፈር ፖሊስ ስለ ወረቀት አይጠይቅም ተብሎ ነው የኖርነው። አሁን ግን «ከኢሚግሬሽን ጋር ካልተባበራችሁ ገንዘብ አታገኙም» ተብሏል ሲባል ሰው ሁሉ ደንግጧል። እውነት ይችላሉ? ቢቆረጥስ ፖሊስ ይቀንሳል? ወሬ ሳይሆን የሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ።

ፓራሊጋል፦
እህቴ፣ ማዘዝ ሌላ ነው፣ በገንዘብ መያዝ ሌላ። ማዘዝ አይችሉም። በ1997 (ዓመቱ በፈረንጅ ነው) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጄይ ፕሪንትዝ የሚባሉ የሞንታና ሸሪፍ ባነሱት ክስ ወስኖበታል። ያኔ ነገሩ የሽጉጥ ገዢዎችን ማጣራት ነበር፣ ፌደራል መንግሥት የራሱን ሥራ በአካባቢ ሸሪፍ ላይ መጫን አይችልም ተባለ።

በገንዘብ በኩል ግን መንገድ አለ። በ1984 ኮንግረስ የመጠጥ መግዣ ዕድሜን 21 ያላደረገ ስቴት ከመንገድ ሥራ ገንዘቡ ይቀነስበታል የሚል ሕግ አወጣ። ሳውዝ ዳኮታ ከሰሰች፣ በ1987 ተረታች። ፍርድ ቤቱ ግን ልጓም አበጀለት። ቅድመ ሁኔታው አስቀድሞ በግልጽ ይነገር፣ ገንዘቡ ከተሰጠበት ጉዳይ ጋር ይገናኝ፣ እጅ ጥምዘዛም እንዳይሆን።

ትራምፕ በጥር 2017 ከኢሚግሬሽን ጋር ለማይተባበሩ ከተሞች በትዕዛዝ ገንዘብ ሊከለክሉ ሲሉ ሳን ፍራንሲስኮ ከሰሰች፣ ዳኛ ዊልያም ኦሪክም አገዱት። የገንዘብ ቅድመ ሁኔታ የማውጣት ሥልጣን የኮንግረስ ነው፣ የፕሬዚዳንቱ አይደለም ብለው። በ2025 አዲስ ትዕዛዝ ሲመጣም እኚሁ ዳኛ እንደገና አገዱ። ሁሉም ፍርድ ቤት ግን አንድ ቃል አይደለም። በፖሊስ ግራንት (ፌደራል ለአካባቢ ፖሊስ በሚሰጠው ድጎማ) ላይ በተጣለው ተመሳሳይ ቅድመ ሁኔታ ቺካጎ አሸንፋለች፣ ኒው ዮርክ ግን በ2020 ይግባኝ ላይ ተሸንፋለች። ባይደን ሲገቡ ቅድመ ሁኔታው ተነሳና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሳይወስንበት ቀረ።

ባለ ሱቁ፦
እኔ አልስማማም። ሱቄ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል፣ እና ወንጀለኛ ታስሮ ሲለቀቅ ለአይስ (ለፌደራል የኢሚግሬሽን ፖሊስ) መንገር ምን ነውር እንዳለው አይገባኝም። የፌደራል ገንዘብ የሁላችንም ግብር ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ አልተባበርም ማለት አይሆንም። ደግሞ አንርሳ፣ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከሞተ በኋላ የወጣው ረቂቅ ሕግም አንገት ማነቅን ያልከለከለ ፖሊስ ገንዘብ አያገኝም ይል ነበር። ያኔ ስንደግፍ ነበር። ያኔ ልክ ከሆነ ዛሬ ለምን ስህተት ይሆናል?

ፓራሊጋል፦
ጥያቄህ ትክክል ነው ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ይሸሸዋል። ልዩነቱ ያ ረቂቅ በኮንግረስ በኩል መሄዱ ነው። ተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ጊዜ አሳልፎት ሴኔት ላይ ቀረ። ድምፅ ተሰጥቶበት ከሆነ እኔም የማልወደውን እቀበላለሁ። አንድ ሰው በፊርማው ገንዘብ ሲይዝ ግን፣ ዛሬ አንተን ቢያስደስትህ ነገ ሌላው መጥቶ በአንተው ላይ ያደርገዋል።

የበጀት ነገር፦
የካውንቲ በጀት ስብሰባ አዘውትሬ ስለምገባ ስለ ገንዘቡ ልንገርሽ። የፖሊስ ደመወዝ በአብዛኛው የሚከፈለው ከአካባቢ ግብር ነው። በርን ጃግ የሚባለው ዋናው የፖሊስ ግራንት ለመላው አገር በዓመት ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ስቴቶችና ከተሞች ግን ለፖሊስ ከ100 ቢሊዮን በላይ ያወጣሉ። ስለዚህ እሱ ቢቀር ሬዲዮ፣ ሥልጠና፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይነካል እንጂ ጣቢያ አይዘጋም። የሚያስፈራው ዛቻው ወደ ትራንስፖርትና ወደ ቤት ድጎማ ሲሻገር ነው፣ እሱ ብዙ ገንዘብ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ግራንቱ የተሰየመው በኤድዋርድ በርን ነው፣ የ22 ዓመት የኒው ዮርክ ፖሊስ። በየካቲት 1988 ኩዊንስ ውስጥ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የአንድ ምስክር ቤት ሲጠብቅ ተኩሰው ገደሉት። ምስክሩ ከጉያና የመጣ ስደተኛ ነበር፣ ሰፈሩ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጡትን እየደወለ ለፖሊስ የሚናገር። በዚያ ልጅ ስም የሚሰጥ ገንዘብ ስደተኛ ፖሊስ እንዳይጠራ ማስፈራሪያ ሲሆን ልቤ አይቀበለውም።

የማታ ሺፍት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ባለ ሱቁ፣ የአንተም ገብቶኛል፣ እኔም ሌባ ይያዝ ነው የምለው፣ ግን ጎረቤቴ ካልደወለች ማን ይይዘዋል? የበርንን ታሪክ ዛሬ ቡና ላይ እነግራታለሁ። የበጀት ነገር፣ የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ ነው? ለመናገር የሚመዘገቡት ስንት ቀን ቀደም ብሎ ነው?