ጎንዛሎ ሩባልካባ፦ ያ ፈጣን እጅ የት ገባ?

ሌሊት አድማጭ፦
ሰላም ቤተሰብ! ኩባዊውን ፒያኒስት ጎንዛሎ ሩባልካባን የምትሰሙ ካላችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። መጀመሪያ የሰማሁት እ.ኤ.አ. በ1990 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞንትሮ ጃዝ ፌስቲቫል ላይ ከቤዝ ተጫዋቹ ቻርሊ ሄይደንና ከከበሮ መቺው ፖል ሞሽያን ጋር የተጫወተውን ነው። ጣቶቹ አይያዙም፣ ኖታው ይጎርፋል፣ ትንፋሽ አይሰጥህም። ከዚያ በ2001 የወጣውን የሄይደንን «ኖክተርን» አልበም ስከፍት ሌላ ሰው መሰለኝ። ቦሌሮው (ዝግ ያለው የኩባ የፍቅር ዜማ) ላይ አንዲት ኖታ ነካ ያደርግና ዝም ይላል። የመጀመሪያው ጉድ ያሰኘኛል፣ ደጋግሜ የምከፍተው ግን ሁለተኛውን ነው። ምን ነካው? ዕድሜ ነው እንዳትሉኝ፣ ያኔ 40 እንኳ አልሞላውም።

ከበሮ መቺ፦
ምንም አልነካውም ባይ ነኝ። ሰውዬው ልጅ ሆኖ ከፒያኖ ጋር ከበሮም ተምሯል። ፍጥነቱን ለጊዜው ተወውና አመታቱን ስማ፤ በ1990ውም ግራ እጁ ኮንጋ (በእጅ የሚመታውን የኩባ ከበሮ) የሚመታ ነው የሚመስለው፣ ቀኙ ደግሞ ክላቬውን እየዞረ ይጫወትበታል እንጂ በቀጥታ አይወድቅበትም። (ክላቬ ለማታውቁት፦ ሁለት እንጨት እየተጋጨ የሚመታው፣ ሦስትና ሁለት ሆኖ የሚከፈለው ምት ነው፤ አብዛኛው የኩባ ዳንስ ሙዚቃ የሚቆመው እሱ ላይ ነው።) «ኖክተርን» ላይም ዝም ያለ ይመስላል እንጂ ምቱ ውስጥ ውስጡን እየሄደ ነው። ከበሮ ላይ ያለውን ኢግናሲዮ ቤሮአን ተከታተል፣ ይገባሃል።

የኩባ ተማሪ የነበርኩ፦
ልጆች፣ ቤተሰቡን እዩ እንጂ። አያቱ ሃኮቦ ሩባልካባ ስመ ጥር የዳንሶን ደራሲ ነበሩ። አባቱ ጊየርሞም ፒያኒስት ነበሩ፣ የራሳቸው ባንድ የነበራቸው። ዳንሶን ጨዋ ጭፈራ ነው፣ ዋሽንትና ቫዮሊን ያለበት። ደስ የሚለው ነገር የመግቢያው ዜማ በተመለሰ ቁጥር ጨፋሪዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ያወራሉ፣ ሴቶቹ በማራገቢያ አየር ይወስዳሉ፣ ከዚያ እንደገና ይቀጥላል። እዚያ ቤት ያደገ ልጅ መቆም ከየት ተማረ ተብሎ ይጠየቃል? ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ገብቶ ክላሲካሉንም ጠጥቶታል፤ ኖታው እንዲያ ጥርት ብሎ የሚወጣው ለዚያ ነው። እኛ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ የምትባለው የኩባ ደሴት ላይ ስንማር ሬዲዮው ላይ እንዲህ ያለ ዜማ አይጠፋም ነበር። ጃዙን የሰማሁት ኋላ አገሬ ገብቼ ነው፣ ይገርማችኋል።

ፒያኖና ቡና፦
አትቆጡኝ እንጂ ጎንዛሎ ለኔ ይቀዘቅዝብኛል፣ አንዳንዴ እያሰበ የሚጫወት ይመስላል። ሌላው የኩባ ፒያኒስት ቹቾ ቫልዴስ ይሻለኛል! በ1973 ኢራኬሬ የተባለውን ባንድ መሥርቶ የምዕራብ አፍሪካዎቹን የዮሩባን ባታ ከበሮ ከጃዝና ከነሐስ መሣሪያ ጋር ያደባለቀ ሰው ነው፣ እጁም መዓት ነው። ዜማ የለውም የሚል ካለ በ2008 የወጣውን፣ ከአባቱ ከቤቦ ጋር ሁለቱ ብቻ በፒያኖ የተጫወቱትን አልበም ይስማ።

ሌሊት አድማጭ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ የጨፋሪዎቹን መቆም ጨርሶ አላውቅም ነበር። ፒያኖና ቡና፣ ቹቾንም እወደዋለሁ፣ ግን ሲጋልብ አንዳንዴ ዜማው ይጠፋብኛል። እያሰበ መጫወቱንስ ምን አደረገህ? 😄

ከበሮ መቺ፦
ክርክሩን ተዉትና የ2021ውን «ስካይላይን» አልበም ሞክሩ። ጎንዛሎ ከቤዝ ተጫዋቹ ሮን ካርተርና ከከበሮ መቺው ጃክ ዲጆኔት ጋር ነው፣ ግራሚም ወስደውበታል። ፍጥነቱ አልጠፋም፣ ሲያስፈልገው ብቻ ያወጣዋል። በስልክ ስፒከር ግን እንዳትሰሙት፣ የካርተር ቤዝ ድራሹ ይጠፋል።