ለሌበር ደይ (የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) ግሪል፦ ስኳርና ደም ግፊት ያለባት እናቴም ከሰው እኩል የምትበላው ምን ልስራ?

የሕሊና እናት (ሜሪላንድ)፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። እኛ ሌበር ደይን ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ፓርክ ውስጥ ነው የምንውለው፣ ወደ 25 ሰው ይመጣል፣ ግማሹ የባለቤቴ ዘመድ ነው ቀሪው ጎረቤትና የስራ ጓደኛ። ዘንድሮ እንቁጣጣሽ አርብ ስለሚውል ፆም ነው፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ የዓመት በዓሉን ስጋ በሌበር ደይ፣ ሰኞ ሴፕቴምበር 7 ላይ ሊጨርሰው ነው ያሰበው መሰለኝ። እናቴ ደግሞ ከደሴ መጥታ እኛ ጋ ናት፣ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት መድኃኒት ትወስዳለች። እስካሁን የምንሰራው ሆት ዶግ፣ በርገር፣ ክትፎ፣ በማዮኔዝ የተለወሰ የድንች ሰላጣ፣ ሶዳ፣ ኬክ ምናምን ነው። ለሷ ብቻ ሌላ ሳህን ባዘጋጅ «በሽተኛ አደረጋችሁኝ» ብላ ጭራሽ ምንም ሳትቀምስ ነው የምትውለው አውቃታለሁ። ልጆቹ ጎመን ሲያዩ ይሸሻሉ። ከእንግዶቹ ሙስሊሞች አሉ፣ ጳጉሜን የሚፆሙም አሉ። በናታችሁ ለጤና የሚስማማ ግን የህመምተኛ ምግብ የማይመስል ሀሳብ ስጡኝ። ግሪሉ የከሰል ነው፣ ኤሌክትሪክ የለም።

የጥብስ ቅጠል፦
እናትሽ ልክ ናቸው ለብቻ ሳህን የሚባለውን እርሺው። ለሁሉም የሚሆነውን ስሪ፣ ከዛ ማንም ስለ በሽታ አያወራም። እኔ ብሆን ዋናውን ዶሮ ነው የማደርገው። አጥንትና ቆዳ የሌለው ታፋ ትገዢና በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ ዘይት፣ የተከተፈ የጥብስ ቅጠል አሽተሽበት ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ሎሚውን ግን ጠዋት ነው የምትጨምሪው ምክንያቱም ሌሊቱን ሙሉ ሎሚ ውስጥ ከተኛ ስጋው ይልፈሰፈሳል። ጨው አያስፈልገውም ስልሽ አትደንግጪ፣ በርበሬውና ሎሚው ይሸፍኑታል፣ ጨው የፈለገ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይነስንስ። ግን በርበሬው ከቤት የመጣ ነው ወይስ የሱቅ? የሱቁ ብዙ ጊዜ ጨው አለው፣ ሚጥሚጣማ ሲዘጋጅም ጨው ይገባበታል፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠው አዋዜም እንደዛው። ጀርባውን አንብቢ።

የሕሊና እናት፦
በርበሬው እናቴ ይዛ የመጣችው ነው፣ ጨው የለውም አለችኝ። እንደውም ዶሮውን እኔ ነኝ የማሸው ብላለች ገና ከአሁኑ 😄

ደረጀ_ዴንቨር፦
ኧረ ተዉ እንጂ፣ በዓመት አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ክትፎ በልቶ የሞተ ሰው የለም። አሜሪካ ሰፈር ገብተን ግሪል ላይ ሳላድ ልንጠብስ ነው እንዴ

ነርስ_ነኝ_ዳላስ፦
ደሬ የምትለው ይገባኛል ግን ስኳር ያለበት ሰው ላይ «አንድ ቀን» የሚባለው ነው ኢመርጀንሲ የሚያመጣው፣ ከበዓል በኋላ ያሉትን ቀናት ሆስፒታል የሰራ ያውቀዋል። ክትፎው ላይ ደግሞ ጤናማ ሰውም ቢሆን እኔ ፓርክ ላይ አልበላም። ጥሬ ስጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ውስጡ ድረስ ይደባለቃል፣ ከዛ ሴፕቴምበር ፀሐይ ላይ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። እዚህ ያለው ደንብ ቀላል ነው፣ የሚበላሽ ምግብ ከፍሪጅ ወይ ከኩለር (የበረዶ ሳጥን) ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት ካለፈ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ። የማዮኔዙ ድንችም፣ አይቡም፣ የተቆረጠ ሐብሐብም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ክትፎ ካልተበላ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ካለ እቤት ይስራው።

አንድ ቴርሞሜትር ግዢ፣ ውድ አይደለም። ዶሮ 165 ፋራናይት፣ የተፈጨ የበሬ ስጋ 160፣ ዓሳ 145፣ ያልተፈጨ የበሬና የበግ ስጋም 145 ደርሶ 3 ደቂቃ ያርፋል። ቀለሙን አይቶ በሰለ ማለት አያስተማምንም።

ደረጀ_ዴንቨር፦
እሺ ክትፎውን ተውኩት። ሆት ዶጉስ?

ነርስ_ነኝ_ዳላስ፦
ሆት ዶግ አብዛኛው አንዱ ብቻ ከ400 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም አለው፣ ዳቦውና ኬቻፑ ሳይቆጠር። ለቀን የሚመከረው ከ2300 በታች ነው፣ ደም ግፊት ላለበት ሰው ወደ 1500 ቢወርድ ይመረጣል ይላሉ የልብ ሐኪሞች። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም በ2015 እንዲህ ያሉ የተቀነባበሩ ስጋዎችን ካንሰር ያመጣሉ ብሎ መድቧቸዋል። ልጆቹ ካለሱ አንበላም ካሉ አንዳንድ ስጪያቸውና እለፊው፣ እናትሽ ግን ይቅርባቸው።

ከሚሴ_ልጅ፦
ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚበላበት ቦታ እኛ ቤት መፍትሄው ሁሌ ዓሳ ነው። የማን ስጋ ነው፣ ማን አረደው የሚል ነገር የለም ሁሉም ከአንዱ ትሪ ያነሳል። ሳልመን ከሆነ ለልብም ጥሩ ነው። ፎይል ላይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ አድርጊና ዓሳውን ከላይ አስቀምጠሽ ጠቅልለሽ ከሰሉ ላይ፣ እንደ ውፍረቱ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ሳልመን ውድ ነው ካልሽ ቲላፒያም ይሆናል ግን ቶሎ ስለሚበስል እንዳይፈረፈርብሽ። ለፎይሉም ለሌላውም የተለየ ሹካ ይኑርሽ፣ ዶሮው ሀላል ካልሆነ አጠገቡ ሌላ ግሪል ወይም የፎይል ትሪ መጠቀም ነው። ሆት ዶግ ደግሞ አሳማ እንዳለበት ሳያነቡ የሚገዙ ሰዎች አሉ፣ ቢፍ ወይ ተርኪ የሚለውን ማየት ነው።

ሶስት_ጉልቻ፦
አዚፋ የማይሰራበት ምክንያት አይገባኝም! ቀዝቅዞ ነው የሚበላው፣ እሳት አይፈልግም፣ ለሚፆሙትም ይሆናል፣ ምስር ስለሆነ ፋይበርም ፕሮቲንም አለው ስኳርን ቶሎ አያንርም። ድፍን ምስሩን ቀቅለሽ ትንሽ ጨፍልቀሽ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ሰናፍጭ፣ ዘይት። ፈረንጆቹ ጎረቤቶች ካሉ ከድንች ሰላጣው በፊት እሱ ነው የሚያልቀው እኔ እመሰክራለሁ። ጎመኑን ደግሞ ልጆች ስለማይበሉት አትጨነቂ፣ በቂቤ ሳይሆን በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ጠብሰሽ ለአዋቂ ይቅረብ። ለልጆች እንጨት ላይ የተሰካ ነገር ነው የሚሻለው፣ እንጨት ላይ ከሆነ ዙኪኒም ይበላሉ እኔ ያየሁት ነው። የዶሮ ቁራጭ፣ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ቼሪ ቲማቲም እያፈራረቅሽ፣ እንጨቱን ቀድመሽ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው አለዚያ ይነዳል።

አብርሽ፦
እንጀራውስ? ስኳር ያለበት እንጀራ አይበላም ይላሉ፣ ሌላው ደግሞ ጤፍ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ይብላ ይላል

ነርስ_ነኝ_ዳላስ፦
ሁለቱም ልክ አይደለም። ጤፍ ጥሩ እህል ነው ፋይበርም ብረትም አለው፣ ግን ያው ካርቦሃይድሬት ነው፣ አንድ ትልቅ እንጀራ ጠቅልሎ መብላት ስኳር ከፍ ያደርጋል። እዚህ የሚሸጠው ደግሞ ሁሉም ንፁህ ጤፍ አይደለም፣ ስንዴ ወይም ሰልፍ ራይዚንግ (የሚያቦካው ነገር ቀድሞ የገባበት) ዱቄት የሚቀላቀልበት አለ፣ እሱ ዱቄት ውስጥ ራሱ ጨው አለበት። ለህመምተኞቼ የምነግራቸው የአሜሪካ የስኳር ማህበር የሚመክረውን ነው፣ 9 ኢንች ሳህን ይያዝ፣ ግማሹ ቅጠላ ቅጠልና ሰላጣ፣ ሩቡ ስጋ ወይ ዓሳ ወይ ጥራጥሬ፣ ሩቡ እንጀራ ወይ ዳቦ ወይ በቆሎ። «ወይ» ነው እንጂ እንጀራም በቆሎም ድንችም አይደለም። ፓርክ ላይ ትሪ ዘርግታችሁ አብራችሁ ከምትበሉ በሳህን ቢሆን ለዚህ ይጠቅማል፣ የትኛው የማን ድርሻ እንደሆነ ይታያል። እንጀራውን ትንንሽ አድርገሽ ቆራርጠሽ ጠቅልለሽ አቅርቢ፣ ሰው ራሱ ትንሽ ነው የሚያነሳው።

ሶስት_ጉልቻ፦
በመሶብ መብላት ቀረ ማለት ነው 😢 ግን ለአንድ ቀን ይሁን

የጥብስ ቅጠል፦
በቆሎ ከተነሳ እንዳትረሺው። ሀገር ቤት አሁን እሸቱ በየመንገዱ ከሰል ላይ የሚጠበስበት ጊዜ ነው፣ እዚህም ሜሪላንድ በቆሎው ወቅቱ ነው፣ እናትሽ ደስ ይላቸዋል። ከነቅጠሉ ውሃ ውስጥ አቆይተሽ ከሰል ላይ ጣይው፣ ሲደርስ ቅጠሉን ገልጠሽ ትንሽ አጥቁሪው። ቅቤ ሳይሆን ሎሚና በርበሬ። የዚህ ሀገር በቆሎ ጣፋጭ ነው እንደኛው ጠንካራ አይደለም፣ ለሳቸው ግማሽ ይበቃል። እና ስጋው ላይ አንድ ነገር፣ ስቡን ቁረጪው፣ ስቡ ከሰል ላይ ሲንጠባጠብ እሳቱ ይነሳና ጭሱ ስጋው ላይ ይለጠፋል፣ የከሰለው ክፍልም ለጤና ጥሩ አይደለም። ከሰሉን ወደ አንድ ጎን ሰብስቢና ስጋውን በባዶው በኩል አብስይው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ እሳቱ ላይ አውጪው። በሎሚና በጥብስ ቅጠል የታሸ ስጋ ላይ ያ ከማረር የሚመጣው መጥፎ ነገር እንደሚቀንስም ተጠንቷል።

ሚጡ፦
መጠጡን ማንም አላነሳውም እኮ! አንድ ጣሳ ኮካ 39 ግራም ስኳር አለው ይሄ ወደ 10 የሻይ ማንኪያ ነው። እኛ ትልቅ የውሃ ማቅረቢያ ውስጥ በረዶ፣ ሎሚ፣ ናና፣ ኪያር እናደርጋለን፣ ሶዳው ኩለሩ ስር ይቀራል ማንም አይጠይቅም። የሱፍ ውሃና ተልባም ያለ ስኳር ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ ግን ቀዝቃዛ ካልሆነ ማንም አይነካውም።

ነርስ_ነኝ_ዳላስ፦
ሚጡ ትክክል፣ ግን ሶዳውን ሙሉ በሙሉ እንዳታጠፉት ወይም ሁለት ትንንሽ ጁስ ያዙ። የሕሊና እናት፣ እናትሽ ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት? ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ ከሆነ ምግብ ሲዘገይ ስኳሩ ይወርዳል፣ ፓርክ ላይ ደግሞ በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 1 ላይ እንበላለን ተብሎ 4 ላይ ነው የሚበላው ያው እንተዋወቃለን። ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ግራ ከገባቸው ስኳራቸውን ለኩና ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ ግማሽ ኩባያ ጁስ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ዳይት ሶዳ እዚህ ላይ አይሰራም።

የሕሊና እናት፦
ግሊቤንክላሚድና ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ ኢናላፕሪል። ያልሽው የምግብ መዘግየት ያሳስበኝ ነበር እውነት ለመናገር፣ ባለቤቴ ከሰል እስኪያያዝ ብቻ ቀኑ ይመሻል። ጨው የሌለው ጨው የሚሸጥ አለ አሉኝ እሱን ብጠቀምስ?

ነርስ_ነኝ_ዳላስ፦
ኢናላፕሪል የሚወስዱ ከሆነ እሱን ጨው ሐኪም ሳትጠይቂ አትጠቀሚ። አብዛኛው ፖታሲየም ነው፣ ኢናላፕሪል ራሱ ፖታሲየም ከሰውነት መውጣቱን ስለሚቀንስ ደም ውስጥ ሊበዛ ይችላል፣ ኩላሊት ላይ ችግር ካለ ደግሞ ይብሳል። ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት ይበቃሻል። ለመዘግየቱ ደግሞ አዚፋውና ሰላጣው የእሳት ስራ ስለሌለው እንደደረሳችሁ ይቅረብ፣ እሳቸውም ሰዓታቸው ሳያልፍ ከአዚፋው ጋር ትንሽ እንጀራ ይቅመሱ። ስኳር ስላለባቸው እግራቸው እንዳይቆስል ሳሩ ላይ ባዶ እግር እንዳይሄዱም ንገሪያቸው።

ደረጀ_ዴንቨር፦
እኔ ግን ስጋ ስጋ የሚል ነገር እፈልጋለሁ አሁንም

የጥብስ ቅጠል፦
ደሬ ላንተ የበግ ጭን፣ ስቡ ወጥቶ በኩብ ተቆርጦ ከሽንኩርትና ቃሪያ ጋር ብረት ላይ ተሰክቶ። ወይም የብረት መጥበሻ ግሪሉ ላይ አስቀምጦ ጥብስ፣ ቂቤውን በዘይት ለውጠህ። በርገር ካማረህ 93 ፐርሰንት ሊን (ስብ ያልበዛበት) የሚለውን ግዛ፣ ላዩ ላይ በቺዝ ፋንታ ጨው የሌለው አይብ፣ በዳቦ ፋንታ የሰላጣ ቅጠል። ደሃ አይመስልም ሞክረው።

የሕሊና እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፣ የእናቴ ዶሮ፣ ሳልመን በፎይል፣ የበግ ጥብስ በትንሹ፣ ለልጆች በእንጨት የተሰካው፣ አዚፋ፣ የቲማቲም ሰላጣ፣ ጎመን፣ በቆሎ፣ ሐብሐብ። ኬኩን አማቴ ታመጣለች እሱን መከልከል አልችልም፣ ቆርጬ ትንንሽ አደርገዋለሁ። ሆት ዶግ ለልጆች አንድ ፓኬት ብቻ። አዚፋውን እሁድ ማታ ብሰራው ይበላሽብኛል?

ሶስት_ጉልቻ፦
አይበላሽም እንደውም ይጣፍጣል፣ ግን ምስሩን ብቻ ማታ ቀቅለሽ ውሃውን አጠንፍፈሽ ፍሪጅ አስገቢ። ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና ሰናፍጩን ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት። ሰናፍጩም በጠርሙስ ያለው ጨው ስላለው ደረቁን ዱቄት ገዝተሽ በውሃ በጥብጪው፣ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚያቃጥለው ወዲያው ቀምሰሽ እንዳትጨምሪበት።

ከሚሴ_ልጅ፦
ሁለት ኩለር ያዢ፣ አንዱ ለመጠጥ አንዱ ለምግብ። የመጠጡ በየደቂቃው ስለሚከፈት በረዶው ቶሎ ያልቃል፣ ጥሬው ዶሮ እዛ ውስጥ መቀመጥ የለበትም።