ፓነሉ አልተሰነጠቀም፤ ሙቀቱ ግን ተለውጧል፦ የተመሪ ሞገድ ምርመራ ለምን ይሳሳታል?

ክንፍ ጠባቂ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የአውሮፕላን አሉሚኒየም ፓነል ላይ ፒዞኤሌክትሪክ ሴንሰሮች (ኤሌክትሪክን ወደ ንዝረት፣ ንዝረትንም ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ) አጣብቄ፣ በ200 ኪሎ ኸርዝ ተመሪ ሞገድ (በፓነሉ ውስጥ ተመርቶ የሚጓዝ ንዝረት) እየላክሁ ስንጥቅ ለመለየት እየሞከርሁ ነው። አሠራሬ የተለመደው ነው፤ ፓነሉ ጤነኛ ሳለ የተቀዳውን ሲግናል መነሻ አደርጋለሁ፣ በኋላ የሚመጣውን ከእርሱ እቀንሳለሁ፣ ቀሪው ከተወሰነ ገደብ ካለፈ ጉዳት አለ እላለሁ። ይሁን እንጂ ጠዋት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የቀዳሁት መነሻ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 30 ዲግሪ ሲደርስ አያገለግልም፤ ማንም ያልነካው ፓነል ተሰንጥቋል ይለኛል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ «ይድናል»። ፓነሉ በሙቀት መስፋቱ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣልን? በአንድ የማረሚያ ቁጥርስ ላስተካክለው እችላለሁ?

የሞገድ ተማሪ

መስፋቱ ድርሻ አለው፣ ዋናው ምክንያት ግን እርሱ አይደለም። አሉሚኒየም በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ርዝመቱ የሚጨምረው 0.023 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ግትርነቱ ስለሚላላ የሞገዱ ፍጥነት በግምት 0.2 በመቶ ይቀንሳል። ሁለቱም ሞገዱን ስለሚያዘገዩት አንዱ ሌላውን አያጠፋውም፣ ይደመራሉ።

0.2 በመቶ ኢምንት ይመስላል፤ ስለዚህ በራስዎ ፓነል ላይ እናስላው። ኤስ-ዜሮ የተባለው የሞገድ ዓይነት በዚህ ውፍረትና ድግግሞሽ በሰከንድ 5,400 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 1 ሜትር ለመሄድ 185 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። የዚህ 0.2 በመቶ 0.37 ማይክሮ ሰከንድ ነው። የ200 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ አንድ ዑደት 5 ማይክሮ ሰከንድ በመሆኑ፣ መዘግየቱ የዑደቱ 7 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በዚህ መጠን የተዛነፉ ሁለት እኩል ሞገዶች ሲቀናነሱ የሚተርፈው የዋናው ሲግናል ግማሽ ሊጠጋ ጥቂት የሚቀረው ነው። ከትንሽ ስንጥቅ የሚመለሰው ማሚቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ሲግናል ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ቀሪ ውስጥ ይዋጣል። በዚያ ላይ መዘግየቱ ሞገዱ ከተጓዘው ርቀት ጋር ያድጋል፤ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ተመላልሶ ዘግይቶ የሚደርሰው የሲግናሉ ክፍል ይበልጥ ይዛነፋል። ሲግናሉ በአንድነት ተገፍቷል ከማለት ይልቅ እንደ ላስቲክ ተለጥጧል ማለቱ ይቀርባል።

ቀሪ ቀናሽ

ከመለጠጡ ሐሳብ ልነሣ። በስፋት የሚሠራባቸው ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው በተለያየ ሙቀት ብዙ መነሻዎችን ቀድቶ አስቀምጦ፣ አዲሱ ሲግናል ሲመጣ ከሁሉ የሚቀርበውን መምረጥ ነው፤ ሁለተኛው መነሻውን በጊዜ ዘንግ ላይ በጥቂቱ መለጠጥ ወይም ማሳጠር ነው። የእርስዎ «አንድ የማረሚያ ቁጥር» ይህን ሁለተኛውን ይመስላል፣ ለጥቂት ዲግሪዎችም በሚገባ ይሠራል። ልዩነቱ ሲሰፋ ግን ይደክማል፤ ምክንያቱም ስሌቱ የመድረሻ ጊዜውን ብቻ ሳይሆን የሞገዱን ቅርጽ ራሱን ስለሚለጥጥ ድግግሞሹን ያዛባል፣ ኤስ-ዜሮ እና ኤ-ዜሮም (ፓነሉን እያጎበጠ የሚሄደው ሌላው የሞገድ ዓይነት) በእኩል መጠን አይዘገዩም። እኔ የምመርጠው ሁለቱን ማጣመር ነው፦ በመጀመሪያ ቅርቡን መነሻ መምረጥ፣ ከዚያም የቀረችውን ትንሽ ልዩነት በመለጠጥ ማረም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሥርዓቱ አዳዲስ ሲግናሎችን በራሱ ወደ መነሻዎቹ ስብስብ እንዲጨምር አይፍቀዱ፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስንጥቅ በዚህ መንገድ እንደ ጤነኛ ይመዘገባል።

የበረራ ጥገና

ከላይ የተባለው ሁሉ ፓነሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ሙቀት እንዳለው ይቆጥራል። አውሮፕላን ግን በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ በሚደርስ አየር ውስጥ ይበራል፣ መሬት ላይ ቆሞም አንዱ ጎኑ ፀሐይ፣ ሌላው ጥላ ነው። ስለዚህ ሁለት የሞገድ መንገዶች ሁለት የተለያየ እርማት ይሻሉ። ፓነሉ ኮምፖዚት (ቃጫና ሙጫ ተጣምረው የሚሠሩት) ከሆነ ደግሞ ለውጡ በቃጫው አቅጣጫና በአግድሙ ይለያያል፣ ሙጫውም ሲሞቅ ሞገዱን ይበልጥ ያዳክማል። ነዳጅ ያለበት ክንፍ ላይ ኤ-ዜሮ ጉልበቱን ወደ ፈሳሹ ያፈስሳል፤ ይህን የትኛውም የሙቀት ማረሚያ አያስተካክለውም።

ክንፍ ጠባቂ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። ዛሬ መነሻውን ለጥጬ ስሞክር የመድረሻ ጊዜው ተገጣጠመ፤ የሲግናሉ ከፍታ ግን አሁንም ይለያያል። ይህስ ከምን ይመጣል?

የሞገድ ተማሪ

በመጀመሪያ የምጠረጥረው ማጣበቂያውን ነው፤ ሲሞቅ ስለሚላላ ከሴንሰሩ ወደ ፓነሉ የሚያልፈው ጉልበት ይለወጣል፣ የሴንሰሩ የራሱ ባሕርይም ከሙቀት ጋር ይቀያየራል። በየሴንሰሩ አጠገብ ቴርሞሜትር ያድርጉ፣ ከእያንዳንዱ ሲግናል ጋርም የሴንሰሩን ካፓሲታንስ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅም) ይመዝግቡ። ካፓሲታንሱ በሙቀትም ይጨምራል፣ ሴንሰሩ ከፓነሉ ሲላቀቅም ይጨምራል፤ በዚህ ምክንያት ማነጻጸር ያለብዎት በተመሳሳይ ሙቀት የተወሰዱ ልኬቶችን ብቻ ነው። በ20 ዲግሪ የጠዋቱ ዋጋ ካልተመለሰ ሴንሰሩን ይመርምሩ እንጂ ፓነሉን ገና አይጠርጥሩ።