በሩ ሲነሳ ሁሉም ይጠፋል! የሞዴል ፓርኪንግ የሠራችሁ እርዱኝ

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ በካርቶን የመኪና ማቆሚያ እየሠራሁ ነው። አራት መኪና ይይዛል። መግቢያውና መውጫው ላይ መኪና ሲመጣ በማይታይ ብርሃን የሚያውቅ አንዳንድ ኢንፍራሬድ ሴንሰር፣ በሩን የምታነሳ ትንሽዬ ሰርቮ ሞተር፣ ስንት ቦታ እንደቀረ የሚያሳይ ኤልሲዲ ስክሪን፤ ሁሉም ኮዱን ከሚያስኬደው ትንሽ ሰሌዳ፣ ከአርዱዪኖ ኡኖ ነው ኃይል የሚወስደው፣ አርዱዪኖው ደግሞ ከላፕቶፕ። ሁለት መኪና አስገብቼ ሦስተኛው ሲመጣ በሩ ብድግ ይላል፣ ኤልሲዲው ድርግም ይላል፣ ከዚያ "4 ክፍት" ብሎ እርፍ! በዚያ ላይ ቀትር ሲሆን ማንም ሳይመጣ በሩ ራሱ ይከፈታል። ኮዱን ሦስቴ ከዜሮ ጻፍኩት። ማቅረቢያዬ ሐሙስ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ኮዱን ላከው እስቲ። ዲሌይ (ጠብቅ የሚለውን ትእዛዝ) አብዝተህ ይሆናል።

የቧንቧ ውሃዋ፦
ኮዱን ተወው ወንድሜ። የሰርቮዋን ቀይ ሽቦ ንቀልና መኪና አሳልፍ። ኤልሲዲው ካልጠፋ ችግሩ የኃይል ነው። ሰርቮ ስትነሳ ባንዴ ብዙ ትስባለች፣ ግማሽ አምፔርም ልታልፍ ትችላለች። ቮልቴጁ ሲወርድ አርዱዪኖው ሞቶ ይነሳል፣ የቆጠረውን ይረሳል። አሮጌ ባለ 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ፈልግ፣ ገመዱን ቁረጥ (ከሶኬት ነቅለህ!)፣ ቀዩን ለሰርቮዋ ብቻ ስጥ። ጥቁሩን ግን ለሰርቮዋም ለአርዱዪኖው ግራውንድም (GND ለሚለው ቀዳዳ) አገናኝ፣ ይሄን የማይረሳ የለም። ባለ 9 ቮልቷን አራት ማዕዘን ባትሪ እንዳትሞክር፣ እኔ ሁለት ገዝቼ ከስሬያለሁ።

ፒያሳ፣ ደሴ፦
የቀትሩ የፀሐይ ነው። ኢንፍራሬድ ሴንሰር የራሱን ብርሃን ልኮ ተመላሹን ነው የሚጠብቀው፣ ፀሐይ ውስጥም ያው ብርሃን ሞልቷል። እኛ ደሴ ጉም ውስጥ ስለምንኖር ይሄ ብዙም አይቸግረን። ከመስኮት አርቀው፣ ሴንሰሯን በጥቁር ናስትሮ እንደ ቱቦ ጠቅልላት፣ ላይዋ ያለችውን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ ዞር ዞር እያደረግህ የምታይበትን ርቀት ቀንስ። ወይ በአልትራሳውንድ ቀይራቸው፤ ድምፅ ስለሆነ ፀሐይ አይነካውም። ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ግን አያይም፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አታስጩኻቸው፣ አንዱ የሌላውን ይሰማል።

ጠያቂ፦
የቧንቧ ውሃዋ ኑሪልኝ! ቀዩን ስነቅል አልጠፋም። ቻርጀር ሰጠኋት፣ መጀመሪያ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች፣ ለካ ጥቁሩን ከአርዱዪኖው አላገናኘሁም። አሁን ሰላም ናት። ናስትሮውም ሠርቷል። ግን አርዱዪኖውን ከላፕቶፕ ነቅዬ በቻርጀር ሳደርገው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አሁንም 4 ይላል። ጥቁሯን መኪናም አያያትም።

የቧንቧ ውሃዋ፦
አብሽር። በር ላይ ከቆጠርክ የቆጠርከውን የሚያስታውስልህ ያስፈልጋል። በየማቆሚያው አንዳንድ ሴንሰር ብታስገባ የተያዘውን እያየ ይናገራል፣ የሚረሳው ነገር የለም። ለአራት ሴንሰር ካልሞላልህ ቁጥሩን ኢኢፕሮም (አርዱዪኖው ውስጥ ያለ ቋሚ ማስታወሻ) ላይ አስቀምጥ፣ መብራት ቢሄድም እዚያው ይቆያል። ጥቁር ቀለም ኢንፍራሬዱን ይውጠዋል፣ ነጭ ወረቀት ለጥፍባት።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ ደግሞ ኮዱ ነው ብዬ... ለማንኛውም ሐሙስ ዕለት ጥቁሯን ቤት ተዋት።