ፓፊን የት ነው የሚታየው? መቼስ?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ጓዶች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስኮትላንድ እህቴ ጋ ልሄድ ነው። ያቺን ባለ ቀለም ምንቃር የባሕር ወፍ፣ ፓፊንን፣ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ሐይቅ ዳር ወፍ ሳይ ነው ያደግኩት፣ እሷን ግን በስልክ ብቻ ነው የማውቃት። የት ልሂድ?

መልስ 1፦ አብሽር ወንድሜ፣ ግን ነሐሴ መጨረሻ ከሆነ ቀረብህ። ፓፊን መሬት የምትወጣው ለመራባት ብቻ ነው፣ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ገደማ። ከዚያ ወራቱን ሙሉ ባሕር ላይ ናት። ከቻልክ ሰኔ ላይ ሂድ፣ ያኔ ለጫጩቷ ትንንሽ ዓሣ በምንቃሯ ደርድራ ስትመጣ ታያታለህ። ከኤድንብራ ብዙም የማይርቅ አይል ኦፍ ሜይ የሚባል ደሴት አለ፣ በጀልባ ነው የሚኬደው።

መልስ 2፦ እኔ አይስላንድ ላትራብያርግ ገደል ላይ አይቻለሁ። ወደ ማታ ሂድ፣ ከባሕር የሚመለሱት ያኔ ነው። ጠርዙ ላይ እንዳትቆም፣ ጎጇቸውን አፈር ቆፍረው ስለሚሠሩ መሬቱ ይናዳል። ደግሞ ትልቅ እንዳትጠብቅ፣ ከዶሮ ታንሳለች!

መልስ 3፦ ቲኬቱን መቀየር ካልቻልክ ላሊበላ ውጣ፣ አጥንት ከላይ ጥሎ የሚሰብረውን ጥንብ አንሳ እይ። ጀልባም ቪዛም አይጠይቅም 😄

ጠያቂ፦ ሃሃ፣ እህቴን ለሰኔ ላስፈቅዳት ነው።