በአማርኛ ልብወለድ የምትጽፉ፣ ምን ምን ይዛችሁ ነው የምትቀመጡት?

የማታ ወፍ
ሰላም ቤተሰብ። አጫጭር ልብወለድ እሞካክራለሁ፣ እስካሁን ስልኬ ኖት ላይ ነበር የምጽፈው፣ አሁን ግን አንዱ ታሪክ አልቆም ብሎኝ እየረዘመ ሄዶ ረጅም ልብወለድ ሊሆን ነው መሰለኝ 😅 ስልኩ ላይ ወደላይ ወደታች ስል የቱን የት እንዳስቀመጥኩ ይጠፋብኛል። ትንሽ ብር ይዣለሁ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ልግዛበት ወይስ ይቅር? ሁለተኛ መጽሐፍ ጠቁሙኝ፣ ልብወለድ እንዴት ይጻፋል የሚለውን አይደለም፣ እየጻፍኩ አጠገቤ ቁጭ የሚል ማለቴ ነው። የምጽፈው ማታ ሰው ሲተኛ ነው፣ ቤቱ ጠባብ ነው፣ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ቡና እንዳትሉኝ ብቻ፣ እሱን ያለእናንተም ደርሼበታለሁ።

ፊደል ለቃሚ
ላፕቶፑን ግዛ። እኔ ገጽ አቀናባሪ ነኝ፣ መጽሐፍ ለማተሚያ ቤት አዘጋጃለሁ፣ በስልክ ተጽፎ በቴሌግራም ቁርጥራጩ የሚመጣልኝን ልብወለድ ቅደም ተከተል ሳስይዝ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ያገለገለ ከሆነ ባትሪውን እይ፣ ሻጩ ፊት ቻርጀሩን ንቀልና ቪዲዮ ክፈትበት፣ እሱ ሻዩን እስኪጨርስ ካልቆየ ተወው። በማታ ለሚጽፍ ሰው ከፕሮሰሰሩ ባትሪው ይበልጣል።

ቀጥሎ ኪቦርድ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ ፎንት ነበረው፣ የሚገርመው እስከዛሬ በነዛ ፎንቶች የሚጽፍ ሰው አለ፣ ፋይሉን ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስከፍተው የላቲን ፊደልና የምልክት መዓት ይሆንብኛል። ኪማን የሚባለውን መጻፊያ ጫን፣ ነጻ ነው፣ ስልክም ላይ ይሠራል። ጉግል ዶክስ ላይ የምትጽፍ ከሆነ ኦፍላይን የሚለውን አብራው፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ትቀጥላለህ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርህን ልንገርህ፣ የገጸ ባሕሪዎችህን ስም አጻጻፍ ዛሬውኑ ወስን። ምዕራፍ 1 ላይ ሠናይት በንጉሡ ሠ፣ ምዕራፍ 7 ላይ ሰናይት በእሳቱ ሰ ከሆነች፣ ላንተ አንድ ሴት ናት፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ናቸው። ኋላ ስሟን ልቀይር ብለህ ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ስትል አንዷ ትቀየራለች፣ አንዷ ትቀራለች፣ አንባቢ ደግሞ ይቺ መሀል ላይ የገባችው ማናት ብሎ ሲፈልጋት ይኖራል። ሀ ሐ ኀም፣ አ ዐም፣ ጸ ፀም ያው ነው።

ጅዳ ነኝ
ለኔ ላፕቶፕ የሚባል ነገር የለም፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ያለኝ ስልክና ማታ ክፍሌ ገብቼ በሬን የምዘጋባት ሰዓት ናት። ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ነው የምጽፈው፣ አንድ መልእክት 4,096 ካራክተር ሲሞላ ይቆርጥብኛል፣ በፊት ያናድደኝ ነበር አሁን ግን መለኪያዬ አደረግኩት፣ አንድ ትዕይንት ከዛ ካለፈ የሆነ ቦታ ለፍልፌያለሁ ማለት ነው፣ ተመልሼ እቀንሳለሁ። እያንዳንዱ ላይ ሀሽታግ አድርጌ የገጸ ባሕሪውን ስም እጽፋለሁ፣ ስነካው እሱ ያለበት ሁሉ ተራ በተራ ይመጣልኛል። (ፊደል ለቃሚ እንዳለው ስሙን አንድ ዓይነት ካልጻፋችሁት አይመጣም፣ እውነቱን ነው!)

እጄ ሥራ ላይ ሲሆን በድምፅ ነው። የጉግል ኪቦርድ ማይክ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ይጽፋል፣ አራት ነጥብ ምናምን አትጠብቁ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚያፈሰው፣ ስም ያበላሻል፣ ግን ሰሃን እያጠባችሁ ለራሳችሁ የምታወሩትን ይይዝላችኋል፣ እሱ ነው ደግሞ ጥሩው ንግግር።

እንድጽፍ የምትገፋኝ ደግሞ ሪያድ ያለች ጓደኛዬ ናት። ሐሙስ ማታ የጻፍኩትን አንብቤ በቮይስ እልክላታለሁ፣ እሷ ጽሑፍ አትተችም፣ ዝም ብላ «ከዛስ?» ነው የምትለው። ከዛስ ካላለች ያ ክፍል አለቀለት።

የድሮ መጽሐፍ ወዳጅ
መጽሐፉን እኔ ልመልስ። አጠገብህ የሚቀመጠው የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ነው፣ በ1962 ዓ.ም የታተመው። ከ1,000 ገጽ በላይ ነው፣ ትራስ ብታደርገውም ይሆናል። ስትገዛው መጀመሪያ ቀን ትበሳጫለህ፣ ምክንያቱም አሰላለፉ ሀ ሁ ሂ አይደለም፣ አ በ ገ ደ ነው፣ ቃሉንም የምትፈልገው ከግሱ ተነስተህ ነው። ከለመድከው በኋላ ግን ጥቅሙ እዛው ላይ ነው፣ አንድ ግስ ፍለጋ ትገባና ከሥሩ የተወለዱት የዕቃ፣ የሙያ፣ የቦታ ስሞች ተሰልፈው ታገኛቸዋለህ፣ ገበሬ ወይ ሸማኔ ያለበት ታሪክ ከሆነ የምትጽፈው ሌላ ምንም አያስፈልግህም። ለዘመናዊ ቃል ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋዎች ጥናት ማዕከል ያወጣው መዝገበ ቃላት አለ። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ጠይቅ፣ ዋጋ ሲጠሩ እንዳትደነግጥ። ቤት ጠበበኝ ላልከው 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልህ፣ የዕረፍት ቀን ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ።

ሌላው የሚሰማ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ሁላችሁም ሰምታችሁታል፣ ግን ለታሪኩ አይደለም የምለው፣ የት እንደሚተነፍስ እርሳስ ይዘህ ስማው። ከዛ ያንተን ገጽ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ዓረፍተ ነገሩ ነው ጥፋተኛው።

ታክሲ ኋላ ወንበር
በመዝገበ ቃላቱ አልስማማም ይቅርታ። መዝገበ ቃላት ሥር ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ገጸ ባሕሪው ሁሉ፣ ሊስትሮው ሳይቀር፣ እንደ መምህር ነው የሚናገረው። ኪስ የሚገባ ደብተርና አንድ ቢክ ይበቃሃል፣ መብራት አይፈልግ ቻርጅ አይፈልግ። እኔ ታክሲ ውስጥ የሰማሁትን ነው የምጽፍበት። ባለፈው ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ፣ አንዷ «ሲቆጣ አልፈራውም፣ ሲስቅ ነው የምፈራው» አለች፣ ሌላዋ ትንሽ ዝም ብላ «ወራጅ አለ» ብላ ወረደች። በቃ። ይሄን ከየትኛው መዝገበ ቃላት ታመጣዋለህ? ቀን ቦታውን ብቻ ጻፍበት፣ ስም አትጻፍ፣ ደብተሩ ቢጠፋ የሰው ጉዳይ ነው።

የድሮ መጽሐፍ ወዳጅ
@ታክሲ ኋላ ወንበር፣ ለንግግር ልክ ነህ። የሴትየዋን መቀነት፣ የቤቷን ምሰሶና ማጀት ስትጽፍ ግን ታክሲ ውስጥ አታገኘውም፣ ያኔ ወደኔ ትመጣለህ 😄

የማታ ወፍ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ላፕቶፑን እገዛለሁ፣ ደብተሩን ከነገ ጀምሮ፣ መዝገበ ቃላቱን ደሞዝ ሲወጣ። እህቴ የጅዳዋ፣ የ«ከዛስ» ነገር በጣም ነው የተመቸኝ፣ እንደሷ ያለ ሰው ልፈልግ ነው። ጋሽ ፊደል ለቃሚ አንድ ጥያቄ፣ የኔ ዋና ገጸ ባሕሪ ስሟ ፀሐይ ነው፣ ኋላ አልማዝ ልላት አስቤ ነበር፣ ችግር አለው?

ፊደል ለቃሚ
ከስም ሁሉ እሷን መረጥክ? ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ፀሃይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ፣ እነዚህን ሁሉ ለየብቻ ፈልጋቸው። ሪፕሌስ ኦል የሚለውን ግን እንዳትነካው፣ አንድ በአንድ እያየህ ቀይር፣ አለበለዚያ ጠዋት ጠዋት በምሥራቅ በኩል አልማዝ ትወጣብሃለች።